መጋረጃ፦ ከዓይን መከለያነት ወደ ብርድ መከላከያነት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ቀዝቃዛ አገር ለሚሄዱ ቤተሰቦች የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ የቤት አያያዝ መመሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ መጋረጃችሁን ዝጉ» የሚል ምክር ገጠመኝ። ቃላቱ አላስቸገሩኝም፤ ያሳሰበኝ አንባቢው ነበር። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ማን እንዳያየን ነው?» ብሎ እንደሚሆን ገመትሁ። የመመሪያው ጸሐፊ ግን ያሰበው ስለ ዓይን ሳይሆን ስለ ብርድ ነበር። አንድ ዕቃ በሁለት አገር ሁለት ታሪክ ሊኖረው እንደሚችል የተገነዘብሁት ያን ዕለት ነው።

«መጋረጃ» «ጋረደ» ከሚለው ግስ የተገኘ ቃል ነው። ፀሐይ በጨረቃ ስትሸፈን «ግርዶሽ» የምንለውም ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ በቋንቋችን የቃሉ መነሻ ማየትን መከልከል እንጂ ሙቀትን መጠበቅ አይደለም። ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። በቤተ ክርስቲያን መቅደሱን ከምእመናን ዓይን የሚሰውረው መጋረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በመጋረጃ ተሰውረው እንግዶችን ያነጋግሩ እንደነበር ጽፏል። በጎንደር ዘመን ከሐር የተሠራና ቁመቱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ አንድ መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ቅርሶች አንዱ ነው። እነዚህ ሁሉ የክብርና የቅድስና መጋረጃዎች ናቸው።

ታዲያ የደጋው ሰው ብርዱን በምን ተከላከለ? መልሱ ከቤቱ አሠራር ላይ ይገኛል። ክቡ የሣር ክዳን ቤት አብዛኛውን ጊዜ መስኮት አልነበረውም፤ ምድጃው ከውስጥ፣ ጭሱም በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል። መስኮት በሌለበት የመስኮት መጋረጃ አያስፈልግም። መስኮት ያላቸው ቤቶች በከተማ ሲስፋፉ ደግሞ የእንጨት መዝጊያ አብሮ መጣ። በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ያደገ ሰው አመሻሹ ላይ የመስኮት መዝጊያ ሲቀረቀር የሚሰማውን ድምፅ አይዘነጋውም።

በአውሮፓ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በመካከለኛው ዘመን መስተዋት ውድ ስለነበር፣ ብዙው ሰው መስኮቱን በእንጨት መዝጊያ ወይም ዘይት በጠጣ ጨርቅ ይሸፍን ነበር። ባለጸጋው በድንጋይ ግድግዳው ላይ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይሰቅላል፤ አልጋውንም ዙሪያውን በመጋረጃ ይከብባል። ይህ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ የተሠራች ትንሽ የጨርቅ ክፍል ማለት ነው፤ የተኛው ሰው የገላው ሙቀት ያሞቃታል። በኋላ መስተዋት እየተስፋፋ፣ መስኮትም እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1684 የተጠናቀቀው የቬርሳይ የመስተዋት አዳራሽ 17 ታላላቅ መስኮቶች አሉት። ውበቱ ግን ከብርድ አላዳነም። እ.ኤ.አ. በ1695 በብርቱው የክረምት ቅዝቃዜ ወቅት የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወንድም ሚስት በጻፈችው ደብዳቤ፣ በንጉሡ ማዕድ ላይ ወይንና ውሃ ብርጭቆ ውስጥ እንዳሉ በረዶ መሆናቸውን ገልጻለች። ከዚያ ዘመን ወዲህ አልጋውን የከበበው መጋረጃ በመስኮቱም ላይ እየተለመደ መጣ።

የሥራው ምስጢር ቀላል ነው። ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን መስተዋት ሲነካ ይከብድና ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ መስኮቱ ተዘግቶም እግራችንን የሚበርደን ለዚህ ነው። ወፍራም መጋረጃ ይህን ዝውውር ያዘገየዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የግላስጎው ካሌዶንያን ዩኒቨርሲቲ በስኮትላንድ ባደረገው ጥናት፣ በአንድ ንጣፍ መስተዋት ከሚባክነው ሙቀት ወፍራም መጋረጃ 14 በመቶውን፣ የእንጨት መዝጊያ ደግሞ 51 በመቶውን ያስቀራል። አያቶቻችን ሲቀረቅሩት የነበረው መዝጊያ ከጨርቁ ልቆ ተገኘ ማለት ነው!

አንዳንድ አንባቢ «ይህ በረዶ ለሚጥልበት አገር ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን አዲስ አበባ ብርቱ የሌሊት ብርድ የሚሰማት ዝናቡ በሚወርድበት በክረምቱ ሳይሆን፣ ሰማዩ በሚጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ደመናው ለምድሪቱ መጋረጃዋ ነውና፣ ሲገፈፍ የቀኑ ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። ናይሮቢ የምንኖረውም የሐምሌን ብርድ ማሞቂያ በሌለው ቤት እናሳልፈዋለን። በዚህ ብርድ ይበልጥ የሚጎዱት አረጋውያንና ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ቀን ፀሐይ ስትኖር መጋረጃውን መክፈት፣ ሳይመሽ መዝጋት፣ ጨርቁንም እስከ ወለሉ ማድረስ ይበጃል። ጠዋት ደግሞ መስኮቱን ለጥቂት ጊዜ መክፈት ያስፈልጋል፤ በመስተዋቱ ላይ ያቆረው እርጥበት ካልወጣ ሻጋታ ያመጣል። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይዘንጋ። የአያቶቻችን ቤት ጭሱን በክዳኑ ያወጣ ነበር፤ የዛሬው የሲሚንቶ ክፍል ግን አያወጣም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስቀምጦ መተኛት ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። መጋረጃ ያለውን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ ለከሰል ፈቃድ አይሰጥም።

ያችን ዓረፍተ ነገር በመጨረሻ እንዲህ ብዬ መለስኋት፦ «ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የቤታችሁ ሙቀት እንዳይወጣ መጋረጃችሁን ዝጉ»። ሦስት ቃላት ጨመርሁ። ተርጓሚ መጨመር እንደማይገባው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቃሉ ሲሻገር ታሪኩ ወዲያ ማዶ ቀርቶ ነበርና፣ እርሱንም ማሻገር ተገቢ መሰለኝ።