በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር ሲጫን የሚያጋጥሙ ስህተቶችና መፍትሔዎቻቸው

በዴቢያንና በኡቡንቱ ሥርዓቶች ላይ ሶፍትዌር በዋናነት የሚጫነው ፓኬጅ በተባሉ ፋይሎች ነው። አብዛኛው ፓኬጅ ሌሎች ፓኬጆች በተወሰነ ዕትም እንዲኖሩ ይፈልጋል፤ ይህም ጥገኝነት ይባላል። ጥገኝነቱ ካልተሟላ ጭነቱ ይቆማል። አፕት የተባለው የመጫኛ መሣሪያ ምክንያቱን በስህተት መልእክቱ ስለሚያመለክት፣ ተጠቃሚው ከሁሉ አስቀድሞ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ሊያነብ ይገባል።

ከዚህ በታች የተመለከቱት ትዕዛዞች በአነባበባቸው የተጻፉ ሲሆን፣ በተርሚናል ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ችግሮች

1. ፓኬጁ አልተገኘም ሲባል፦ የስሙ አጻጻፍ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎም «ሱዶ አፕት አፕዴት» በሚለው ትዕዛዝ የፓኬጆች ዝርዝር ይታደሳል። የዘጠኝ ወር ድጋፍ ብቻ ያላቸው የኡቡንቱ ዕትሞች ጊዜያቸው ሲያበቃ ፓኬጆቻቸው ከመደበኛው ማከማቻ ስለሚነሱ፣ ወደ አዲስ ዕትም መሸጋገር ያስፈልጋል።

2. የማከማቻው ፋይል ጊዜው ገና አልደረሰም ሲባል፦ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ይስተካከላል።

3. መብራት በመጥፋቱ ጭነቱ በመካከል ሲቋረጥ፦ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» የተጀመረውን ያጠናቅቃል። በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩም ይታያል።

4. መሣሪያው በሌላ ሥራ ተይዟል ሲባል፦ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በራሱ የሚካሄድ ዝመና ነው። እስኪጠናቀቅ መጠበቅ እንጂ የቁልፍ ፋይሉን መሰረዝ አይገባም።

5. ጥገኝነቱ አልተሟላም ሲባል፦ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» የጎደለውን ለማሟላት ይሞክራል። ችግሩ ከቀጠለ፣ ለሌላ ዕትም የተዘጋጀ ወይም ከሦስተኛ ወገን የተጨመረ ማከማቻ መኖሩ ይጣራል፤ ካለም ይሰናከላል። ከኢንተርኔት የወረደ ፓኬጅ በዲፒኬጂ ሳይሆን በአፕት ቢጫን ይመረጣል፤ ዲፒኬጂ የጎደሉ ፓኬጆችን ከማከማቻ አያመጣምና።

ማሳሰቢያ

አፕት አንዳንድ ጊዜ ግጭቱን ለመፍታት ሌሎች ፓኬጆችን ለማስወገድ ሐሳብ ያቀርባል። ተጠቃሚው ከመስማማቱ በፊት የሚወገዱትን ዝርዝር ማንበብ አለበት። በዝርዝሩ ውስጥ የዴስክቶፕ ወይም ሌሎች መሠረታዊ የሥርዓቱ ፓኬጆች ከታዩ የእምቢታውን «ኤን» ፊደል አስገብቶ ሂደቱን ማቆም ይኖርበታል። ጥገኝነትን በኃይል ዘልሎ መጫን ኮምፒውተሩን ከአገልግሎት ውጪ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ጠቃሚ ሰነዶችን አስቀድሞ በሌላ ማስቀመጫ መገልበጥ ይመከራል። ባለሙያ ማማከር ሲያስፈልግም የስህተት መልእክቱን ሙሉ ጽሑፍና የሥርዓቱን ዕትም አዘጋጅቶ መቅረብ መፍትሔውን ያፋጥናል።