«ዓረብ» የሚለው ቃል በጦርነት ዘመን አማርኛ

የአንድን ሕዝብ መጠሪያ መፍታት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቀላል ሥራ ይመስላል። የሕዝቡን አገርና ቋንቋ ጠቅሶ ማለፍ ይቻላልና። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቃል በጦርነት ጊዜ ሌላ ፍቺ ይጨመርበታል፤ ይህም ፍቺ በመዝገብ ሳይሰፍር በተናጋሪው አሳብ ውስጥ ይቀመጣል። በዚህ ጽሑፍ «ዓረብ» የሚለው ቃል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የደረሰበትን እንመለከታለን።

ከዚያ አስቀድሞ ቃሉ በአዲስ አበባ የሰፈር ቃል ነበር። ከየመን የመጡ ነጋዴዎች በየመንደሩ ትንንሽ ሱቆች ስለ ከፈቱ፣ ሱቁ ራሱ «ዓረብ ቤት» ተባለ። በልጅነታችን ኮልፌ ውስጥ «ዓረብ ቤት ሂድና ስኳር ግዛ» ስንባል፣ ብዙ ጊዜ የምንሄደው ወደ ጉራጌ ባለሱቅ ነበር። ቃሉ ከሕዝብ መጠሪያነት ወደ ሥራ መጠሪያነት ተሻግሮ ነበር ማለት ነው። «ሱቅ» የሚለው ቃልም ቢሆን ከዓረብኛ የተገኘ ነው።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ሶማሊያ በ1966 ዓ.ም. የዓረብ ሊግ አባል ሆና ነበር፤ የኤርትራ ነጻ አውጪ ግንባር (ጀብሃ) የተመሠረተው በ1952 ዓ.ም. በካይሮ ነው፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ የመኖች፣ የሱዳንና የሶማሊያ መሪዎች በታእዝ ተሰብስበው ስለ ቀይ ባሕር መክረዋል። ስለዚህ የመንግሥት ሥጋት መሠረት አልነበረውም አይባልም። ራዲዮውና ጋዜጣው ይህን ሥጋት በሦስት ሐረጎች ደጋግመው ገለጹት፤ እነርሱም «አድኃሪ የዓረብ መንግሥታት»፣ «ፔትሮ ዶላር» እና «ቀይ ባሕርን የዓረብ ሐይቅ ማድረግ» የሚሉት ናቸው።

የመጀመሪያውን ሐረግ እንመርምር። መሪው «መንግሥታት» ነው፤ ተወቃሹ ሕዝብ አይደለም። «አድኃሪ» የሚለው ቅጽልም የሚወስን ነው፤ አድኃሪ ያልሆኑ መኖራቸውን ያመለክታል። በእርግጥም ነበሩ። በታእዝ ከተገኙት አንዷ ደቡብ የመን፣ ዓመት ሳይሞላ ወታደሮቿን ልካ ከኢትዮጵያ ጎን አሰልፋለች። ሊቢያም ኢትዮጵያን ደግፋለች፤ ሦስቱ አገሮች በነሐሴ 1973 ዓ.ም. በኤደን የትብብር ውል ተፈራርመዋል።

ነገር ግን ጆሮ ሰዋስው አይጠብቅም። በየቀኑ የሚደጋገም ሐረግ እንደ አሮጌ ሳንቲም ይሟሽሻል። በመንደር ወሬ መጀመሪያ «መንግሥታት» ተቆረጠ፤ ቀጥሎ «አድኃሪ» ወደቀ፤ የቀረው «ዓረብ» ብቻ ሆነ። የቅጽሉ ክስ ግን ከቅጽሉ ጋር አልሄደም፤ በስሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ዜናው በኮልፌ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በባለሱቁ ራዲዮ ነበር። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ አብሮ አደግ ነበረን። «ዓረቡ» ብለን ስንጠራው «አቤት» ይል ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን በኳስ ጠብ መካከል ይህንኑ ቃል ወረወርንበት፤ እርሱም ያን ቀን «አቤት» አላለም። ቃሉ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም ነበር፤ ፍቺው እንደ ተለወጠ ግን ሁላችንም አውቀናል።

ዛሬም «ዓረብ አገር» ስንል ሪያድን፣ ቤይሩትንና ዱባይን ባንድ ስም እንጠቀልላለን፤ በዚያ ለሥራ የሄዱ ልጆቻችን የሚያገኙት ሕግ ግን በየአገሩ ይለያያል።

ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የምናሳስበው፣ የሰፈሩንም የጦርነቱንም ፍቺ ከነዘመኑ እንዲመዘግቡ ነው፤ ክፉውን ፍቺ መደበቅ አያጠፋውም። ተርጓሚም «የዓረብ መንግሥታት» የሚለውን «ዓረቦች» ብሎ አያሳጥር፤ የትኛው መንግሥት እንደ ሆነ ከታወቀም በስሙ ይጥራው። የሚቆጠበው አንድ ቃል ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ጎረቤት ነው።