ከማዳማቶ እስከ ሁለቱ እናቶች፦ የልጅን ስም የሚሰርዝ ሕግ

በስደት በምኖርባት በሮም ከተማ፣ በኲሪናሌ ኮረብታ ላይ፣ ፓላዞ ዴላ ኮንሱልታ የሚባል ሕንጻ አለ። ዛሬ የኢጣሊያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ነው። በፋሽስት ወረራ ዘመን ግን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር መቀመጫ እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

የየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሁለት ወር ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1937፣ ከ«ተገዥ» ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ተደነገገ። «ማዳማቶ» ያሉት ወንጀል ይህ ነው። የ1940ው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከሐበሻ እናት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከለከለ። ልጁ ምን በደለ?

ይህን የማነሳው እዚህ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሚካሄደውን ክርክር ስከታተል ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ የመጀመሪያው የወራሪ ዘረኝነት ነበር። ጥያቄው ግን ይመሳሰላል፦ ቤተሰብ ማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን የመንግሥት ብቻ ነው ወይ?

ኢጣሊያ ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች በፍርድ ቤት ውሳኔ መዝገባቸውን እንዲያስተካክሉ የፈቀደችው በ1982፣ በሕግ ቁጥር 164 ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2010 ጥበቃ ይገባቸዋል ቢልም፣ ጉዳዩን ለፓርላማው ተወው። ፓርላማው ተኛ። በ2015 የስትራስቡርግ ፍርድ ቤት ኢጣሊያን ጥፋተኛ ካላት በኋላ፣ በ2016 የወጣው ሕግ ቁጥር 76 «ጋብቻ» ያልተባለ ሕጋዊ ጥምረት ፈቀደ። የጓደኛን ልጅ በጉዲፈቻ የመውሰድ አንቀጽ ግን ሕጉ እንዲያልፍ ሲባል ወጣ።

መዘዙ ልጆች ላይ ወደቀ። በ2023 የፓዶቫ ዓቃቤ ሕግ ከ30 በሚበልጡ ልጆች የልደት መዝገብ ላይ የሁለተኛዋ እናት ስም እንዲሰረዝ ጠየቀ። በግንቦት 2025 ያ የቀድሞ የቅኝ ገዥዎች ሕንጻ በውሳኔ ቁጥር 68 ተናገረ፦ ሁለት ሴቶች ተስማምተው በውጭ አገር በተደረገ የሕክምና እርዳታ የተጸነሰውንና በኢጣሊያ የተወለደውን ልጅ ሁለተኛዋ እናት እንዳታስመዘግበው መከልከል ሕገ መንግሥትን ይጻረራል።

በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣል፤ ከሕጉ ጋር የሚስማሙ ወገኖች ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም የሕግ የበላይነት እያልን የምንጮህ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። በ1940 የአባቱን ስም የተነፈገው ልጅ የኛ ልጅ ነበር፤ አቤት የሚልበት ዳኛ አልነበረውም። የዛሬዎቹ ልጆች ግን መንግሥትን «ተሳስተሃል» የሚል ዳኛ አገኙ። ስለ ጥንዶቹ ያለን አስተያየት ቢለያይም፣ እንዲህ ያለ ዳኛ ለአገራችን መመኘት ሊያለያየን አይገባም።