ቀን መሐንዲስ፣ ማታ ኮሜዲያን፦ የሲያትል ቴሌቪዥን ቀልድ

በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ የሚገኘው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኪንግ በ1984 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ኦልሞስት ላይቭ» የተባለ የእሑድ ምሽት ዝግጅት ጀመረ። ስሙ «በቀጥታ ስርጭት ለማለት ትንሽ የቀረው» እንደ ማለት ነው፤ ገና ከስሙ ያላግጣል። አቅራቢው ሮስ ሼፈር ስታንድአፕ ኮሜዲያን ነበር። በከተማዋ ክለቦች ማይክ ይዘው ሲያስቁ የሚያመሹ ወጣቶችም ወደ ቴሌቪዥን የሚሻገሩበት በር በዚህ ተከፈተ።

ከተሻጋሪዎቹ በዓለም ይበልጥ የታወቀው ቢል ናይ ነው። በ1977 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ሲያትል የገባው ቦይንግ ስለቀጠረው ነው፤ እዚያም ለ747 አውሮፕላን የሃይድሮሊክ ንዝረትን የሚያፍን ቱቦ ሠርቷል። በዓመቱ ግን የዘመኑን ዝነኛ ኮሜዲያን ስቲቭ ማርቲንን ማን ይመስላል የሚል ውድድር አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ቀን መሐንዲስ፣ ማታ ኮሜዲያን ሆነ። በ1986 ጭራሹን የመሐንዲስነት ሥራውን ለቀቀ። «ልጄ ኢንጂነር ነው» እያለ ለሚኮራ ሐበሻ ወላጅ እንዲህ ያለው ዜና በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም።

ናይ የታወቀበትን ስም ያገኘው በእርማት ነው። ሼፈር «ጊጋዋት» የሚለውን ቃል አበላሽቶ ሲጠራ ናይ ያርመዋል፤ ሼፈርም «ማን ነኝ ብለህ ነው፣ የሳይንሱ ሰውዬ ቢል ናይ?» ብሎ ይመልስለታል። ሹፈቱ ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። በ1987 መጀመሪያ ከዝግጅቱ እንግዶች አንዱ ሳይመጣ ቀርቶ ጥቂት ደቂቃዎች ባዶ ሆኑ፤ ክፍተቱን የሞላው ናይ ነው። ርዕሱ የፈሳሽ ናይትሮጅን የቤት ውስጥ ጥቅም ነበር። ናይትሮጅን ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ለጓዳ የሚበጅ ነገር አይደለም፤ ቀልዱም እዚያው ላይ ነው። ማርሽሜሎ የተባለውን ለስላሳ ከረሜላ በናይትሮጅኑ አቀዝቅዞ ሲያኝክ ጉም በአፍንጫው ተንፎለፎለ። ተመልካች ሳቀ፤ ሲስቅም ፊዚክስ ተማረ።

ሼፈር በ1988 ሲለቅ ጆን ኪስተር ተተካ። ዝግጅቱም በሂደት ወደ ግማሽ ሰዓት አጥሮ ቅዳሜ ሌሊት ተዛወረ፤ ጣቢያው በአገሪቱ የታወቀውን «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ወደ እኩለ ሌሊት ገፍቶ ለሰፈሩ ልጆች ቦታ ለቀቀ። ለአንድ የከተማ ጣቢያ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ሌላው ድፍረት ግን ዋጋ አስከፍሏል፦ ኤፕሪል 1 ቀን 1989 የከተማዋ ምልክት የሆነው ስፔስ ኒድል የተባለው ማማ ተደረመሰ የሚል የውሸት ዜና አቀረቡ። የአፕሪል ዘፉል ቀልድ መሆኑ ያልገባው ብዙ ሰው ደንግጦ ስልኮቹን አጨናነቀ።

ናይ በ1993 የራሱን የልጆች ፕሮግራም «ቢል ናይ ዘ ሳይንስ ጋይ»ን ጀመረ። ፕሮግራሙ የተሠራው እዚያው ሲያትል፣ ኬሲቲኤስ ከተባለው የሕዝብ ጣቢያ ጋር ነው። እስከ 1998 ድረስ 100 ክፍሎች ተሠርተው 19 የኤሚ ሽልማቶችን አግኝተዋል። ሰማያዊ ጋዋንና የቢራቢሮ ክራቫት የለበሰው ሰውዬም በብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የቪዲዮ መምህር ሆነ።

«ኦልሞስት ላይቭ» በ1999 ተዘጋ። በመጨረሻ ዓመታቱ ከተቀላቀሉት ወጣቶች አንዱ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ጆኤል ማክሄል፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በ2004 «ዘ ሱፕ» የተባለ የቴሌቪዥን ዝግጅት ማቅረብ ጀመረ፤ በ2009 ደግሞ «ኮሚዩኒቲ» በተባለው ተከታታይ ኮሜዲ መሪ ተዋናይ ሆነ።