አዛጦን ማለት አሽዶድ ናት

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ቲዩል፣ ማለትም ቤተሰብ አብሮ ስለሚያደርገው የጉብኝት ጉዞ እናወራችኋለን። ብዙዎቻችሁ ወደ አሽዶድ ስትገቡ የተነገራችሁ ስለ ወደቡ፣ ስለ ሥራውና ስለ ቤት ኪራዩ ነው። ከተማዋም እ.ኤ.አ. በ1956 የተቆረቆረች በመሆኗ ታሪክ የሌላት ትመስላለች። ነገር ግን መጻሕፍቱ ሲነበቡ ሰምታችሁ ያደጋችሁ ሁሉ ይህችን ቦታ ከመምጣታችሁ በፊት ታውቋታላችሁ። በአማርኛው መጽሐፍ «አዛጦን» የምትባለው ከተማ አሽዶድ ናት። ግሪኮች «አዞቶስ» ይሏት ስለነበር ስሙ በዚያ በኩል ዞሮ ደረሰን።

የጥንቷ ከተማ የዛሬው ሰፈራችሁ ላይ አልነበረችም። ከከተማው በስተደቡብ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ቴል አሽዶድ የሚባል ጉብታ አለ። ቴል ማለት ከተማ በከተማ ላይ እየተሠራ፣ ፍርስራሹ ለብዙ ዘመን እየተደራረበ የተፈጠረ ኮረብታ ነው። ሞሼ ዶታን የተባሉ የጥንት ታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1972 ድረስ ቁፋሮውን መርተዋል። አሁን ስትሄዱ የምታዩት ሣርና እርሻ ነው፤ የተማረከችው የእግዚአብሔር ታቦት የመጣችው፣ ጣዖቱ ዳጎንም በማግሥቱ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው በዚህች ከተማ መሆኑን መጽሐፈ ሳሙኤል ካልነገራችሁ በቀር ቦታው ራሱ አይናገርም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ የሚቀርበውን ልንገራችሁ። በነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 ላይ የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ጦሩን ልኮ አዛጦንን እንደያዘ ተጽፏል። ነቢዩም ለግብፅና ለኩሽ ምልክት እንዲሆን ሦስት ዓመት ባዶ እግሩን ሄደ። ነገሩ የሆነው ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ711 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ቴል አሽዶድ ላይ ሳርጎን ድሉን ያስጻፈበት የጥቁር ድንጋይ ሐውልት ስብርባሪ ተገኝቷል። በአሽዶድ ያመፀው ሰው ያማኒ ይባል ነበር። ከተማው ሊያዝ ሲል ሸሽቶ ወደ ኩሽ ንጉሥ ገባ። የኩሹ ንጉሥ ግን እንግዳውን በሰንሰለት አስሮ ለአሦር መልሶ ሰጠው። ይህ በኢራን አገር ገደል ላይ በተቀረጸ ጽሑፍ ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል። መሸሸጊያ ፈልጎ የመጣን ሰው አሳልፎ መስጠት በእኛ አገር ልማድ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። አንድ ነገር ግን ለልጆቻችሁ በትክክል ንገሯቸው፦ የአማርኛው መጽሐፍ ኩሽን «ኢትዮጵያ» ይለዋል እንጂ የዚያ መንግሥት መናገሻ ዛሬ ሱዳን በምትባለው አገር፣ በዓባይ ዳር የነበረችው ናፓታ ናት፤ ጎንደር አይደለችም።

ሌላም አለ። ነህምያ ምዕራፍ 13 ላይ የአዛጦን ሴቶችን ስላገቡ አይሁድ ይናገራል። ልጆቻቸው እኩሌታው የአዛጦንን ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ የአይሁድን ቋንቋ ግን መናገር አያውቁም። ነህምያ ተቆጣ፣ ረገመ፣ አንዳንዶቹንም መትቶ ጠጉራቸውን ነጨ። እኔ በሥራዬ ሶሻል ወርከር ነኝና ጠጉር መንጨትን አልመክርም። ግን ጭንቀቱን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ልጁ በጥቂት ወራት ዕብራይስጥ ይለምድና በኩፓት ሖሊም፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤት ለአባቱ አስተርጓሚ ይሆናል። አባት ጠያቂ፣ ልጅ መላሽ ሲሆን የቤቱ ሚዛን ይናጋል። እነዚህ ፍርስራሾች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። በቴሉ ላይ ታሪኩን የሚያውቀው አባት ነው፤ ልጅ ጠያቂ ይሆናል።

በአቅራቢያ ለመጀመር የባሕር ዳሩን ምሽግ፣ ሜጹዳት አሽዶድ ያምን እዩ። ከከተማው በስተደቡብ አሸዋው ላይ ይገኛል። የሠሩት በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የነበሩት የእስላም ገዥዎች ናቸው። ጎንደር ግንብ ሲሠራ የቤተ እስራኤል ግንበኞች እንደተሳተፉበት ታውቃላችሁ፤ ስለ ድንጋይ የሚያውቅ ሽማግሌ ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ ግድግዳውን ዳስሶ ብዙ ይነግራችኋል። በ10ኛው መቶ ዓመት አል ሙቀደሲ የተባለ ጸሐፊ እንደመዘገበው በዚህ የባሕር ዳርቻ ባሉ ምሽጎች ምርኮኞች ይዋጁ ነበር። የግሪኮች መርከብ ሲታይ ሕዝቡ በእሳትና በጢስ ይጠራራል፤ ዋጋውም ሦስት ሰው በ100 ዲናር ነበር። ገንዘብ የሌለው ጌጡን ይሰጣል። ዘመዱ ገና በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ተራ የሚጠብቅበት አንባቢ ይህን ግንብ ሲያይ የሚያስበው አያጣም።

ራቅ ብሎ ለመሄድ የሚሻለው ሦስት አራት ቤተሰብ ተባብሮ ሚኒባስ መከራየት ነው። ሌላው አገር በካራቫን እየተጓዘ ፍርስራሽ ይጎበኛል፤ እኛ ዘንድ ካራቫን ሲባል እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የኖሩበት፣ የማይንቀሳቀሰው ቤት ነው የሚታወሰው። ከአሽዶድ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ ሳኦልና ዮናታን ከወደቁበት ከጊልቦዓ ተራራ ሥር ቤት አልፋ ትደርሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1928 የኪቡጽ ሰዎች የውሃ ቦይ ሲቆፍሩ የ6ኛው መቶ ዓመት ምኩራብ ወለል አገኙ። በቀለም ድንጋይ የተሠራው አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ሲል ነው፤ በጉም በዛፍ ታስሮ ይታያል፣ ከጎኑ በዕብራይስጥ ተጽፎበታል። ልጁ ፊደሉን ያንብብ፣ እናት ታሪኩን ትጨርስለት። የሠሩትም አባትና ልጅ ናቸው፤ ማሪያኖስና ልጁ ሐኒና ስማቸውን ወለሉ ላይ ጽፈውታል።

ከዚያ አጠገብ ጋን ሃሽሎሻ፣ ሰው ሳኽኔ የሚለው የምንጭ ውሃ አለ። ክረምት ከበጋ 28 ዲግሪ ያህል ስለሆነ አይቀዘቅዝም። ስሙ «የሦስቱ የአትክልት ስፍራ» ማለት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1938 እዚያ አካባቢ በፈንጂ የሞቱትን ሦስት ሰዎች ያስታውሳል። በአገራችን ወንዝ ለመንጻትና ለልብስ ነበር እንጂ ለመዋኛ ብዙም አልነበረም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ወንድና ሴት አብሮ ሲዋኝ አይተው ቢደነግጡ አትፍረዱባቸው፤ ጥላ ያለበት ቦታ ፈልጉላቸው። ውሃው ግልጽ ስለሆነ ጥልቅ አይመስልም፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ረጅሙን ሰው ይውጠዋል። ዋና የማይችል ልጅ ጥልቀት በሌለው በኩል ይሁን፣ አንድ ትልቅ ሰውም ዓይኑን ከእርሱ አያንሣ። ማጺል የሚባለው የዋና ጠባቂ ሲያፏጭ ትእዛዝ ነው። መግቢያው ገንዘብ ይጠይቃል፤ በዓልና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ይሞላልና አስቀድማችሁ ስልክ ደውሉ። ዳቦና ቆሎ፣ ኮፍያና የመጠጥ ውሃ ያዙ።