ዜና ሞሪስ ዊልክስ፣ መምህረ ካምብሪጅ

በ1913 ዓ.ም.፣ ጊዮርጊስ 5ኛ በእንግሊዝ ነግሦ ሳለ፣ ደድሊ በሚባል ከተማ ሞሪስ ዊልክስ ተወለደ። (በዚህ ዜና ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከልጅነቱ የሬዲዮ ፍቅር አድሮበት በካምብሪጅ የሬዲዮ ሞገድን ጠባይ መረመረ። ጦርነት በሆነ ጊዜ በራዳር ሥራ አገለገለ፤ በ1945ም የካምብሪጅ የሒሳብ ቤተ ሙከራ ሹም ሆነ።

በግንቦት 1946 ኮምሪ የተባለ የስሌት ሊቅ ከአሜሪካ ሲመለስ የጆን ፎን ኖይማንን ጽሑፍ ይዞ መጣ፤ ነገሩም ስለ አዲስ የስሌት ማሽን ነበር። ኮምሪ በማግሥቱ ሊሄድ ነውና፣ መገልበጫ መሣሪያም አልነበረምና፣ ዊልክስ ሌሊቱን ሲያነብ አደረ። በዚያው ዓመት ስለዚሁ ጥበብ በፊላደልፊያ ትምህርት ሲሰጥ ተጠራ፤ ነገር ግን መርከብ አጥቶ የደረሰው ጉባኤው ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ዘግይቶ የደረሰው ይህ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ በመርከብ ላይ ሳለ ንድፉን ማውጣት ጀመረ።

ማሽኑም ኤድሳክ ተባለ፤ 3,000 ያህል የሬዲዮ አምፖሎች ነበሩት። ማስታወሻው ባዜቃ የተሞላ ቱቦ ነው። ቁጥሩ ድምፅ ሆኖ በባዜቃው ውስጥ ያልፋል፣ ጫፍ ሲደርስም ወደ መነሻው ይመለሳል፤ የቃል ትምህርት የሚያጠና ተማሪ እንዳይጠፋበት ደጋግሞ እንደሚያነበንብ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የላየንስ ሻይ ቤቶች ጌቶች ገንዘብ ሰጡ፣ ሠራተኛም አዋሱ። ሻይና ኬክ ሻጮች ነገሩን ከብዙ ባለሥልጣን ቀድመው መረዳታቸው ይጻፍላቸው፤ በ1951ም የራሳቸውን ማሽን ለንግድ ሥራ አዋሉ።

ግንቦት 6 ቀን 1949 ኤድሳክ ከ0 እስከ 99 ያሉትን ቁጥሮች እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ ጻፈ። የማንችስተር ሰዎች እንዲህ ያለ ማሽን በመሥራት በ1948 ቀድመው ነበር፤ የእነርሱ ግን መሞከሪያ ነበረ፣ ይህ ግን ምሁራን ዘወትር እንዲሠሩበት የቆመ ነው።

ደስታውም ብዙ ሳይቆይ ዊልክስ አንድ ፕሮግራም ጻፈ፤ 126 መስመር ነው፣ 20 ያህል ስሕተትም ተገኘበት። ከማሽኑ ክፍል ወደ ወረቀት መብሻው ሲመላለስ፣ ደረጃው ከሚታጠፍበት ላይ፣ ከቀረው ዕድሜው ብዙውን የገዛ ስሕተቱን ሲፈልግ እንደሚያሳልፍ ተገለጠለት። ስለዚህ ከባልደረቦቹ ከዴቪድ ዊለርና ከስታንሊ ጊል ጋር ሆኖ፣ ተፈትኖ የቆየ ቁራጭ ፕሮግራም ደጋግሞ ማገልገል የሚችልበትን ሥርዓት በ1951 በመጽሐፍ አወጣ።

በ1965 ፕሮፌሰር ተባለ፤ በ1967 የቱሪንግን ሽልማት፣ በ2000 የ«ሰር» ማዕረግ ተቀበለ። ኤድሳክ በሐምሌ 1958 ሥራውን አቁሞ ፈርሶ ነበር። ሠሪው ግን ኅዳር 29 ቀን 2010፣ በ97 ዓመቱ አረፈ።