ከወባ መመርመሪያ የሚሰወረው ተህዋስና የዘረመል ንባብ

የኩታበር ደጋማ ቀበሌዎች ነዋሪ ወባን በቀየው እምብዛም አያውቀውም። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋማው ወሎ ወደ መተማና ሁመራ ለጉልበት ሥራ የሚወርደው ግን በሽታውን በደሙ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ትኩሳት ሲነሳበት ወደ ጤና ኬላ ይሄዳል፤ ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ በፈጣን መመርመሪያ ላይ ይደረጋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ውጤቱ ይነበባል። ውጤቱ «ወባ የለም» ቢልስ?

ለዓመታት በስፋት ያገለገለው ፈጣን መመርመሪያ ተህዋሱን ራሱን አያይም። የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛ የወባ ዝርያ ወደ ደም የሚለቀውን ኤች አር ፒ 2 የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል ከጠፋ፣ ሕመምተኛው ወባ እያለበት መመርመሪያው የለበትም ይላል። ተህዋሱ ደግሞ ያለዚህ ዘረመል መኖርና መራባት ይችላል። በምርመራ የተገኘው በመድኃኒት ሲጠፋ፣ ያመለጠው በትንኝ አማካኝነት ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል።

የዘረመል ንባብ በሕያዋን ሴል ውስጥ በአራት «ፊደላት» የተጻፈውን መመሪያ በቅደም ተከተል ማንበብ ነው። የሰው ሙሉ ዘረመል ወደ 3 ቢሊዮን፣ የፋልሲፓረም ደግሞ ወደ 23 ሚሊዮን ፊደላት አሉት። የተህዋሱ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል፤ የጎደለው የሚታወቀውም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ነው።

የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ 500 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አካሂደዋል። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ በላቦራቶሪ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት፣ በዘረመሉ መጥፋት ምክንያት ከ100 የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉት በዚህ መመርመሪያ ሳይታወቁ ያልፋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው እንዲቀየር የሚመክረው በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ሲበልጡ ነው። ጎረቤት ኤርትራ ተመሳሳይ ችግር ገጥሟት እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን ቀይራለች፤ ኢትዮጵያም ሌላ ፕሮቲን ወደሚፈልጉ መመርመሪያዎች የመሸጋገር መንገድ ይዛለች።

እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት፣ ከተነበቡት ናሙናዎች 8 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ከአርቴሚሲኒን መድኃኒት ከፊል መላመድ ጋር የሚያያዝ የዘረመል ለውጥ አሳይቷል። ከፊል መላመድ ማለት ተህዋሱ ከደም ለመጥፋት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል ማለት እንጂ ኮአርተም አያድንም ማለት አይደለም። ሆኖም መድኃኒቱን አጋምሶ ማቆም ለተህዋሱ ዕድል ይሰጣል።

ይህ ንባብ በየጤና ኬላው ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚደረግ አይደለም። ለታማሚው የቀረበው መፍትሔ ማይክሮስኮፕ ነው፤ ባለሙያው ተህዋሱን በዓይኑ ስለሚያይ የዘረመሉ መጥፋት አያታልለውም። ስለዚህ ከቆላ የተመለሰ ሰው የት እንደሰነበተ ለጤና ባለሙያው መንገር ይኖርበታል፤ ፈጣን ምርመራው ነጻ ብሎት ትኩሳቱ ካልለቀቀውም የደም ምርመራ በማይክሮስኮፕ ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሳይዘገይ መሄድ አለበት።